ኤርጫፎና የዛልማ ቀላድ

በዱሮ ጊዜ፣ በጣም በዱሮ፣ ዝሆን እንኳ ከመንገድ ዳር ቆሞ ሰውን "እለፉ እንጂ" በሚልበት ዘመን፣ ዛልማ የሚባል አገር ነበረ። አገሩ ለም ነበር። ለም ስል እንዲያው ለም አይደለም። ጠዋት ዱላህን መሬት ብትወጋ ማታ ጥላው ሥር ታርፋለህ። ላሞቹ የሚታለቡት በጋን ነበር። ንቦቹ ድንቢጥ ያካክሉ ነበር፤ ይህን እንኳ የሚያምን ስለማይገኝ ቀነስ አድርጌው ነው።

በዚህ አገር ኤርጫፎ የሚባል ቆዳ ፋቂ ነበር። መሬት አልነበረውም። በዚያን ጊዜ ቆዳ ፋቂ መሬት አይዝም። መንደሩ ከወንዙ ወዲህ ነው፤ የኤርጫፎ ጎጆ ከወንዙ ወዲያ ነው። እምቧይ ቀጥቅጦ በገንዳ ውሃ ይበጠብጣል፤ ቆዳውን ይነክራል፤ ይፍቃል፤ ያለፋል። የገንዳው ሽታ እጁ ላይ ስለሚቀር አብሮት ከገበታ የሚቀርብ ሰው የለም፤ ከሚስቱ ከዳሜቴ በቀር። የአገሩ ሽማግሌዎች በትልቁ ዋርካ ሥር ሲሰበሰቡ እሱ በነፋሱ መውረጃ በኩል ራቅ ብሎ ይቆማል። መቀመጥ አይፈቀድለትም። የሚፈረደው በራሱ ጉዳይ ላይ ቢሆን እንኳ ቆሞ ነው የሚሰማው። በዚህ ዓለም ላይ የኔ የሚለው ነገር ቢኖር ሁለት እጁ ነበር።

እንዲህ ሲኖሩ ሲኖሩ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር መጣ። አቧራው ለሰባት ቀን ፀሐይን ስለጋረደ ዶሮዎች መቼ እንደሚጮሁ ተምታታባቸው። ዛልማ ተዋጋች፤ ተሸነፈች። አገር መሆኗ ቀረና ግዛት ሆነች። አገርና ግዛትን ምን ለያቸው ብትሉኝ፣ አገር ይኖሩበታል፤ ግዛት ግን ይለካል።

የመጀመሪያው ገዥ ደጃዝማች ድልነሳሁ ይባሉ ነበር። ወፍራም ሰው ነበሩ። ወደ ዛልማ ሲገቡ ሆዳቸው ሰኞ ገባ፤ እሳቸው ረቡዕ ደረሱ። ሕዝቡን በዋርካው ሥር ሰበሰቡና ግማሽ ቀን ሙሉ ተናገሩ። አስተርጓሚው ሁሉንም ጠቅልሎ በአጭሩ አስቀመጠው።

"መሬታችሁ በቀላድ ይለካል" ይላሉ አለ። "ቀላድ ማለት የቆዳ ገመድ ነው፤ ርዝመቱ መቶ ሠላሳ ሦስት ክንድ። በሱ እየተለካ አገሩ ጋሻ ጋሻ እየተባለ ይከፈላል። በያንዳንዱ ጋሻ አንድ ጋን ማር ታገባላችሁ፤ ለጌታችን ግቢ ሥራም አንድ ሰው ትሰጣላችሁ። ቀላድ ያሳሳተ ሰው ቀኝ እጁ ይቆረጣል። ይኸው ነው።"

ታዲያ ደጃዝማቹ ከመናገሻው ይዘውት የመጡትን ቀላድ መንገድ ላይ ጅብ በልቶባቸዋል። መቶ ሠላሳ ሦስት ክንድ ገመድ ከነቋጠሮው! ያ ጅብ ከዚያን ጊዜ ወዲህ እርምጃውን እየቆጠረ ነው የሚሄደው ይባላል። ደጃዝማቹም ሌላ ቀላድ እስኪላክላቸው መታገሥ ሲችሉ አልታገሡም። "እዚሁ ያለ ፋቂ ይሥራው" አሉ። ሥራው ለኤርጫፎ ደረሰው።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ወንዙ ዳር መጡ። አልተሻገሩም። ከፊት የቆሙት አለቃቸው አባ ሄራሞ ነበሩ። አፍንጫቸውን በጋቢ ሸፍነው ነበርና ድምፃቸው ከጆንያ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር።

"ኤርጫፎ!"

"አቤት!"

"ቆዳ ይረዝማል?"

"ረጥቦ ከተጎተተ፣ እንደተጎተተም ከደረቀ፣ ይረዝማል።"

"ቀላዱ ከረዘመ ጋሻው ይሰፋል። ጋሻው ከሰፋ ቁጥሩ ያንሳል። ቁጥሩ ካነሰ ማሩም ያንሳል፤ የሚሄድብን ሰውም ያንሳል። ገባህ?"

"ገባኝ። እጄስ?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "አይ፣ ማን ያይሃል ብለህ ነው" አሉ አባ ሄራሞ። ከዚያ ሄዱ።

ዳሜቴ ሁሉንም ሰምታለች። "አንተ ሰውዬ፣ ምን ልታደርግ ነው?" አለችው። "አንዲት መደብ መሬት ሰጥተውህ ያውቃሉ? በሰው መሬት እጅህን ልታስቆርጥ ነው?"

"መሬቱስ የነሱ ነው" አለ ኤርጫፎ። "ከብቱ የሚግጠው ግን እዚያው ላይ ነው። ሰዉ ሁሉ ማር ሲቆርጥና የደጃዝማቹን ግንብ ሲያነሣ ከዋለ ከብቱን ማን ያግዳል? ከብቱ ካለቀስ ምኑን ልፋቅ? አንቺን?"

"እኔንማ ሃያ ዓመት ስትፍቀኝ ኖረህ ምን ተረፈኝ" አለችና የገመዱን አንድ ጫፍ ያዘች።

ኤርጫፎ በመጀመሪያ ቀላዱን ልክ መቶ ሠላሳ ሦስት ክንድ አድርጎ ሠራው። የደጃዝማቹ ሰው መጥቶ ለካው። ትክክል ነው። በሁለቱም ጫፍ በሰም አተመበት። ኤርጫፎም፣ "ጌታዬ፣ ገና እርጥብ ነው። እኔ ዘንድ ሦስት ቀን ካልደረቀ ይሸታል፤ ይበሰብሳል" አለ። መሽተቱን የደጃዝማቹ ሰው ራሱ በአፍንጫው ስላወቀው አልተከራከረም።

እነኤርጫፎ ገመዱን ከዛፍ ዛፍ ወጠሩት። ድንጋይ አንጠለጠሉበት። ድንጋዩ አልበቃ ሲል ዳሜቴ ራሷ ተንጠለጠለችበት። ሦስት ቀን ተወጥሮ ደረቀ። ነፋስ ሲነካው እንደ ክራር ይጮህ ነበርና ሁለት አዝማሪዎች ከሩቅ ሰምተው ሠርግ ያለ መስሏቸው መጥተው ነበር አሉ።

በዚያ ቀላድ ዛልማ ተለካች። ሦስት መቶ ጋሻ ሆነች። ጸሐፊው "ዛልማ፦ ሦስት መቶ ጋሻ" ብሎ ጽፎ ወደ መናገሻው ላከ። ማሩ ከታሰበው እጅግ አነሰ። ደጃዝማቹም ከስተው ሆዳቸው ከሳቸው እኩል መሄድ ጀመረ።

ሰዉ ተደሰተ፤ በዋርካው ሥር ጨፈረ። ኤርጫፎም ራቅ ብሎ ቆሞ አየ።

ሦስት ዓመት አለፈ። ደጃዝማቹ ተሻሩና በሳቸው ፋንታ ፊታውራሪ መንበሩ መጡ። እኒህ ደግሞ ቀጭን ነበሩ፤ በቅሎ ላይ ሆነው ከፊት ለፊት ሲመጡ የምትታየው በቅሎዋ ብቻ ነበረች። ማርም አልወደዱ፣ ግንብም አልወደዱ። ሕዝቡን ሰበሰቡና አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። "ሦስት መቶ ወታደር ይዣለሁ። አገሩ እንደገና ይለካና ለያንዳንዱ አንድ ጋሻ መሬት እሰጠዋለሁ። የቀረው ለናንተ ይሁን።"

አስተርጓሚው ተናግሮ ሲጨርስ ሽማግሌዎቹ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ዛልማ በወረቀት ላይ ስንት ጋሻ ናት? ሦስት መቶ። ወታደሩስ ስንት ነው? ሦስት መቶ። ለዛልማ ሰው የሚተርፈው ሰማዩ ብቻ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ወንዙ ዳር ድረስ ሮጡ። እንደገና አልተሻገሩም።

"ኤርጫፎ!" አሉ አባ ሄራሞ፣ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ እየጎተቱ።

"አቤት!"

"ቆዳ ያጥራል?"

"ረጥቦ ሳይወጠር እሳት ዳር ከደረቀ ያጥራል።"

"እንግዲያው አሳጥረው!"

"ቀላዱ እኮ በፊታውራሪው ግምጃ ቤት ነው፤ ዘብ ይጠብቀዋል። ማሳሳት ደግሞ እጅ ያስቆርጣል።"

"እሱን አንተ ታውቃለህ" አሉና ሄዱ።

ኤርጫፎ ጠበቀ። ብዙም አልቆየ፤ የፊታውራሪው ሰው ፈልጎ መጣ። ቀላዱ ሦስት ዓመት ተጠቅልሎ ስለኖረ እንደ ዘነዘና ደርቋል። የሚያላላው ሰው ያስፈልጋል። ኤርጫፎን ወደ ግቢ አስገቡት። አንድ ጺማም ዘብ በላዩ ላይ ቆመ።

ኤርጫፎ ቀላዱን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈው።

"አንተ ፋቂ! ምን እያደረግኸው ነው?" አለ ዘቡ።

"እያጠጣሁት ነው ጌታዬ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠምቶታል።"

ቀላዱ ራሰ። ኤርጫፎ አወጣውና እሳት ዳር ልቅ አድርጎ ዘረጋው።

"አሁንስ?"

"አሁን እያሞቅሁት ነው። ውሃ የጠጣ አይበርደውም?"

ቀላዱ እየደረቀ ሄደ። እየደረቀም ይሰበሰብ ጀመር። በዓይን ይታይ ነበር። አንዷ ድመት እንደ እባብ ሲንቀሳቀስ አይታው ጣራ ላይ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ አልወረደችም ይባላል።

"እኔ ግን የተኮማተረ መሰለኝ" አለ ዘቡ።

"ብርዱ ነው ጌታዬ።"

ዘቡ አላመነም። ጎንበስ አለና ቀላዱን በክንዱ ይለካ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሄደ። የኤርጫፎ መዳፍ ከቀላዱ የበለጠ ረጠበ። ቀኝ እጁን አየው። አውራ ጣቱን አየው። ዳሜቴ ነገ በግራ እጁ ሲበላ ምን ትለው ይሆን ብሎ አሰበ።

ዘቡ አርባ ላይ ሲደርስ፣ "ጌታዬ፣ ሠላሳ ነው ያሉት ወይስ አርባ?" አለ ኤርጫፎ በትሕትና።

"ዝም በል! አስጠፋኸኝ!"

ዘቡ እንደገና ጀመረ። ስድሳ ላይ ሲደርስ ኤርጫፎ አስነጠሰው። ዘቡ "ይማርህ" አለ፤ ቁጥሩም ጠፋው። ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረ። አሁን ግን ቁጥሩ ተደበላልቆበት ያጠረው ቀላድ መቶ ሰማንያ ክንድ ሆኖ አረፈው። ዘቡ ራሱን አከከ። "በቂ ነው፤ እንዲያውም የተባረከ ገመድ ነው" አለና ጠቅልሎ ወደ ግምጃ ቤት አስገባው።

በዚያ ቀላድ ዛልማ እንደገና ተለካች። ሰባት መቶ ጋሻ ሆነች! ሦስት መቶው ለወታደር ተሰጠ። አራት መቶው ለዛልማ ሰው ተረፈ። የወታደሮቹ መሬት ጠባብነቱ አይነገርም። አንዱ ሲያዛጋ አፉ የሚከፈተው በጎረቤቱ ድንበር ውስጥ ነበር። ጸሐፊውም "ዛልማ፦ ሰባት መቶ ጋሻ" ብሎ ጽፎ ላከ።

ሰዉ አሁንም ጨፈረ። ኤርጫፎም አሁንም ቆሞ አየ።

እንግዲህ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በመናገሻው ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ሣጥን ውስጥ ተገናኙ። አንዱ ሦስት መቶ ይላል፤ አንዱ ሰባት መቶ ይላል። ጸሐፊዎቹ ተደናገጡ። "ግዛቱ ወለደ እንዴ?" አሉ። "ከወለደስ አባቱ ማነው?" ጉዳዩን የሚመረምር ሰው ተላከ። ባላምባራስ ወንድይራድ ይባላሉ።

እኒህ ሰው በአፍንጫቸው የታወቁ ነበሩ። በሦስት ቀን መንገድ ላይ ሆነው የማን ቤት ወጥ እንዳረረ ያውቃሉ። ባለሟሎች በውሸት ሲምሉ እሳቸውን ያስነጥሳቸው ነበር። ይዘውት የመጡት ቀላድ ደግሞ ከቆዳ አልነበረም። የብረት ሰንሰለት ነበር። ብረት አይጠማውም፤ አይበርደውም። ዛልማን በሱ ለኳት። አምስት መቶ ጋሻ ሆነች። ትክክለኛዋ ዛልማ ያቺ ነበረች።

ባላምባራሱ አሮጌውን ቀላድ ከግምጃ ቤት አስወጡ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። "እምቧይ" አሉ። "ይህን የሠራው ማነው?"

ወረቀቱ ላይ የኤርጫፎ ስም የለም። "አንድ ፋቂ ሠራው" ይላል እንጂ የፋቂ ስም ማን ይጽፋል? ጺማሙ ዘብ ከፊታውራሪው ጋር ወደ ሌላ ግዛት ተዛውሯል። የቀሩት ወታደሮች ፋቂ ሲመጣ ፊታቸውን ስለሚያዞሩ ቢያዩትም አይለዩትም። የዛልማ ሰው ደግሞ ዝም አለ።

"መልካም" አሉ ባላምባራሱ። "አሁን ምሳዬን ልበላ ነው። ስመለስ የዛልማ ወንድ ሁሉ በዚህ ዋርካ ሥር ተቀምጦ፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ይጠብቀኝ። አንድ በአንድ አሸታለሁ። እምቧይ የሸተተው እጅ እዚሁ ይቆረጣል።"

ደግነቱ ምሳቸው ረጅም ነበር። ስድስት ዶሮ ታርዶላቸዋል፤ እያንዳንዷን ዶሮ ደግሞ ከመብላታቸው በፊት ያሸቱ ነበር።

ኤርጫፎ ወደ ወንዙ ሮጠ። እጁን በአሸዋ ፈተገ። በአመድ ፈተገ። ዳሜቴ ሎሚ አመጣች፤ አንድ ዛፍ ሙሉ ሎሚ ጨመቀችበት። እጁ ቀላ፤ ሊላጥ ደረሰ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። የሃያ ዓመት እምቧይ ከሎሚው ሥር ተኝቶ አሁንም ይሸተዋል።

"ኤርጫፎ!"

ሽማግሌዎቹ ከወዲያ ማዶ ቆመዋል።

"አቤት!"

"ሽሽ!" አሉ አባ ሄራሞ።

ይህን ጊዜ ዳሜቴ ብድግ አለች። ሎሚውን ወረወረችው።

"የት ይሽሽ? ከሸሸስ 'የጎደለው ማነው' አይሉም? አባ ሄራሞ፣ እርስዎ እዚያ ማዶ ቆመው መጮህ አይሰለችዎትም? 'ቆዳ ይረዝማል ወይ' ብለው መጡ፤ አስረዘመላችሁ። 'ያጥራል ወይ' ብለው መጡ፤ አሳጠረላችሁ። ዛሬ ደግሞ 'ሽሽ' ብለው መጡ! መሬቱ የናንተ፣ ማሩ የናንተ፤ የሚቆረጠው እጅ የሱ ብቻ ነው? ወንዙ እንደሁ ጉልበት አይደርስ!"

 

አባ ሄራሞ ጋቢያቸውን ከአፍንጫቸው ላይ አወረዱት። አጥፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ከዚያ ወደ ወንዙ ገቡ። ሰባ ዓመት ሲኖሩ ያን ወንዝ ወደዚያ ማዶ ተሻግረው አያውቁም። ተሻገሩ።

"ገንዳው የቱ ነው?" አሉ።

ዳሜቴ በጣቷ አሳየቻቸው። አባ ሄራሞ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቀኝ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ነከሩት። ፊታቸው እንደ ደረቀ ቀላድ ተሰበሰበ።

"ይህ ነገር... የሞተ በሬ ተነሥቶ እንደገና የሞተ ነው የሚሸተው!"

"አዎ፣ እንደሱ ነው" አለ ኤርጫፎ አፍሮ። "ሲቆዩ ይለመዳል።"

ሁለተኛው ሽማግሌ ገባ። ሦስተኛው ገባ። ከዚያ መንደሩ ሁሉ ተሰልፎ መጣ። ሰልፉ ወንዙን ተሻግሮ፣ ኮረብታውን ዞሮ፣ ጫፉ ከመነሻው ጋር ተገናኝቶ አንዳንዱ ሳያውቀው ሁለት ጊዜ ነከረ። ገንዳው ሲጎድል ዳሜቴ እምቧይ እየቀጠቀጠች ሞላች። አስተርጓሚው እንኳ ሹልክ ብሎ መጥቶ ነከረና "እኔን አላያችሁኝም" ብሎ ሄደ።

ባላምባራሱ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ሲመለሱ የዛልማ ወንድ ሁሉ በዋርካው ሥር ተቀምጧል። ኤርጫፎ ግን እንደ ልማዱ ራቅ ብሎ ቆሟል። አባ ሄራሞ የልብሱን ጫፍ ይዘው ሳቡት።

"ቁጭ በል አንተ! ብቻህን ከቆምክ ትታወቃለህ!"

ኤርጫፎ በዚያ ቦታ መቀመጥ አያውቅበትም ነበርና ጉልበቱ እምቢ አለው። ጎትተው አስቀመጡት።

ባላምባራሱ የመጀመሪያውን እጅ ያዙና አሸተቱ። ወደ ኋላ አሉ። "ይኸው!" ብለው ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ሁለተኛውም ያው ነው። ሦስተኛውም ያው ነው። አሥረኛው ላይ እንባቸው ወረደ። አርባኛው ላይ አንደኛዋ ዶሮ ተመለሰች። ስድሳኛው ላይ የቀሩት አምስቱ ተከተሉ። ያ በሦስት ቀን መንገድ የሚያሸት አፍንጫ ደነዘዘ፤ እምቧይ መለየትም አቃተው።

እየተንገዳገዱ ኤርጫፎ ዘንድ ደረሱ። እጁን ያዙ። አሸተቱ። ቀና አሉ። እንደገና አሸተቱ። ሎሚ! ዓይናቸውን ጨፍነው ያንን እጅ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቆዩ፤ ከበረሃ የመጣ ሰው ምንጭ ላይ እንደሚቆይ።

"በዚህ አገር ደህና እጅ ያለው ይህ ሰው ብቻ ነው" አሉ።

ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። እጁን አዩት። መዳፉ የመፋቂያ ቢላዋ ጠባሳ ብቻ ነው። ፊታቸው ጠቆረ።

"ይህ እጅ ሥራው ምንድነው?"

 

"ይፈርዳል ጌታዬ" አሉ አባ ሄራሞ። "ከኛ ጋር እዚህ የሚቀመጥ ሽማግሌ ነው።"

ባላምባራሱ ሁሉንም አዩ። ሁሉም "አዎ" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እጁን ለቀቁት። የአገሩን እጅ ሁሉ ቢቆርጡማ ማሩን ማን ይቆርጣል?

በዛልማ ልማድ በዋርካው ሥር ሽማግሌ በሰው ሁሉ ፊት የተናገረው ቃል አይመለስም። አባ ሄራሞ ይህን ያውቁ ነበር። እያወቁ ነው የተናገሩት። በማግሥቱ ጉባኤ ሲሰየም ኤርጫፎ የት እንደሚቆም ሲፈልግ፣ "ቦታህን ረሳኸው እንዴ?" ብለው ቀኛቸውን አሳዩት። እስኪሞት ድረስ እዚያው ተቀመጠ። ጎጆው ግን ከወንዙ ማዶ እንደሆነ ቀረ፤ መንደር ውስጥ ቦታ ቢሰጡት ዳሜቴ "ሽታችሁን አልችልም" አለች አሉ።

ባላምባራሱ ወደ መናገሻው እንዲህ ብለው ጻፉ። "ዛልማ፦ አምስት መቶ ጋሻ። ሕዝቡ ሁሉ ቆዳ ፋቂ ነው። ቀላዱን ማን እንደሠራው አልተገኘም።" ከዚያ ወዲህ ዛልማን ተሹመህ ሂድ የተባለ መኮንን ሁሉ ሆዴን አመመኝ እያለ ይቀር ጀመር። አርባ ዓመት ሙሉ ገዥ የሚሆን ሰው ጠፋ። አገሩን የገዙት እዚያው ያሉት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ የመናገሻው መዝገብም ዓመት በዓመት "ዛልማ፦ ሹም እየተፈለገ ነው" ይላል።

ዛሬም በዛልማ የመሬት ጠብ ሲነሣ ዳኛ የሚሆነው ሽማግሌ በመጀመሪያ ወንዙን ተሻግሮ ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ ገንዳ ውስጥ ይነክራል። ሽታው ሳይለቅ የፈረደው ፍርድ ይጸናል። ለዚህ ነው የዛልማ ሽማግሌ ፍርድ የማያጓትተው፤ ሽታው እስኪለቅ ሚስቱም ከቤት ታስወጣዋለች። ባለጉዳዮቹም ከመናገራቸው በፊት ጠጋ ብለው እጁን ያሸታሉ። ንጹሕ እጅ ይዞ የመጣ እንደሆነ፣ "ይመለሱ አባባ፣ ነክረው ይምጡ" ይሉታል።